ከቦሌ ወጥቶ ሰሜን ሸዋ ለሚገባ ባለ ሻንጣ አውቶቡስ ይመደብልን

ይድረስ ለአዲስ አበባና ለሰሜን ሸዋ የትራንስፖርት ኃላፊዎች፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የመንገደኞችን ጉዳይ ለምትከታተሉ፣ በዚህ መስመር ለምትመላለሱ ወገኖቼም ሁሉ

ክቡራን፣

እኔ ደብረ ሲና የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ነሐሴ ታናሽ እህቴን ከቦሌ ተቀብዬ እናታችን ቤት ያደረስኩበት ሌሊትና ቀን ነው። እህቴ ሪያድ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ነው የመጣችው። አውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት ያህል በርሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ አረፈ። እኛ እናታችን ደጅ ስንደርስ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት አልፎ ነበር። ባሕር ለመሻገር ሦስት ሰዓት፣ ከቦሌ ደብረ ሲና ለመግባት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ! መንገዱ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130ው ኪሎ ሜትር ደግሞ ማንም በግማሽ ቀን ደርሶ የሚመለስበት ነው። ያን ሁሉ ሰዓት የበላብን ርቀቱ አልነበረም። የበሉን ሁለት ሻንጣዎች ናቸው።

የምጠይቀውን አስቀድሜ ልናገር፤ ሥራ የሚበዛባችሁ ሰዎች ናችሁና። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ፣ ላምበረት መናኸሪያን ነክቶ፣ ደብረ ብርሃን የሚገባ፣ ከተቻለም ደብረ ሲና ድረስ የሚዘልቅ፣ ከሆዱ ሥር የሻንጣ ማስቀመጫ ያለው አውቶቡስ ይመደብልን። በቀን ሁለት ጊዜ ቢሆን ይበቃናል። ታሪፉ ይለጠፍ፣ ለሻንጣው ቁጥር ያለው ወረቀት ይሰጥ። ይኸው ነው። ለምን እንደምጠይቅ ግን ላስረዳ።

እኛ ተቀባዮች ከምሽት ጀምሮ መኪና ማቆሚያው አጠገብ ነበርን። ማታ ሲመሽ የታክሲ ዋጋ ስለሚወደድ ገና በጊዜ ነበር የሄድኩት። አጠገቤ የነበሩት አብዛኞቹ እንደ እኔ ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ጋቢ የተከናነቡ እናቶች፣ የአደይ አበባ ገና ስላልደረሰ የሱቅ አበባ የያዙ ልጆች፣ በር በተከፈተ ቁጥር የሚነሡ አባቶች። እኔም ለእህቴ ጋቢ ይዤላት ነበር። የሪያድን ሙቀት የለመደ ገላ የነሐሴን ሌሊት በቀጭን ልብስ አይችለውም።

እህቴ ስትወጣ ጋሪዋን ትገፋ ነበር። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ትኬቷ የፈቀደላት ያንን ነው። ዙሪያቸውን በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ በገመድ አስራ፣ ላዩ ላይ ስሟንና የእኔን ስልክ ቁጥር በወፍራም ቀለም ጽፋበታለች። ተቃቅፈን አለቀስን። ቀና ስንል ጋሪው አጠገብ ሦስት ሰዎች ቆመው ሻንጣዎቹን ይዘዋል። «የት ነው እህቴ? እኛ እናደርሳለን!» ማንም አልጠራቸውም። እኔ የሰሜን ሸዋን አነጋገር እናገራለሁ፤ እሷ ደግሞ ልብሷና ሻንጣዋ ከየት እንደመጣች ይናገራሉ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ቤታችን ድረስ ዋጋ የተነገረን በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በሻንጣው ቁመትና በእህቴ ፊት ነው።

ከቦሌ ላምበረት መናኸሪያ አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በቀለበት መንገዱ መገናኛ፣ ከመገናኛ ትንሽ ከፍ ሲባል ላምበረት ነው። ለዚህች መንገድ የከፈልነው ከላምበረት ደብረ ብርሃን በሰው ከከፈልነው ሒሳብ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ይህም ሆኖ ባለ ታክሲው መናኸሪያው ገና አልተከፈተም ብሎ መገናኛ ላይ አወረደን። አልተከፈተም ማለቱ እውነቱን ነው። ከንጋት በፊት ወደ ሰሜን የሚነሣ የሕዝብ መኪና የለም፤ በሌሊት ይነሣ ብዬም አልጠይቅም። የመንገዱ ጠመዝማዛና ጉም የሚያውቀው ያውቀዋል። ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል የሚያርፍ አውሮፕላን አለ፣ ንጋት የሚከፈት መናኸሪያ አለ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ጨለማ ሰው 46 ኪሎ ይዞ የት ይዋለው? እኛ ከተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ አንዱ ሻንጣ ላይ እህቴ፣ አንዱ ላይ እኔ ተቀምጠን አነጋነው። እህቴ እንቅልፍ እየጣላት የሻንጣውን እጀታ በጋቢው ጫፍ ከእጇ ጋር አስራዋለች። ያንን ሳይ ነው ይህን ደብዳቤ በልቤ መጻፍ የጀመርኩት።

አልጋ ብንይዝስ? ይዘን ነበር የምናድረው፤ ግን በዚያ ሰዓት በር የሚከፍት ለማግኘትም ሌላ ታክሲ፣ ሌላ የሻንጣ ሒሳብ ነው።

ስለ ቀላል ባቡሩ የሚያነሣ ሰው አይጠፋም። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ነገር ግን ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር መገናኛን ቢነካም ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አይወርድም፣ ወደ ላምበረትም አይታጠፍም። ለባለ ሻንጣ ደግሞ ከሰው ጋር ተጋፍቶ መቆም የሚሆን ነገር አይደለም። የከተማው አውቶቡሶችም እንዲሁ ለቆመ ሰው የተሠሩ እንጂ ከሥራቸው ዕቃ የሚከተትባቸው አይደሉም።

ከመገናኛ ላምበረት በሚኒባስ ሄድን። ረዳቱ «ሻንጣዎቹ የሁለት ሰው ይከፍላሉ» አለ። እዚህ ላይ ፍርዴን በትክክል ልናገር፤ ከፈልኩ፣ አልተከራከርኩም። ሻንጣ ቦታ ይይዛል፤ ቦታ የያዘ ይከፍላል። ልጁም ከዚያው እንጀራውን የሚያገኝ ሰው ነው። የምቃወመው የሻንጣ ዋጋ የትም ተጽፎ አለመቀመጡን ነው። የሰው ታሪፍ መናኸሪያ ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ከታሪፍ በላይ ሲጠየቅ ሰው ጣቱን ወደ ሰሌዳው ይቀስራል፤ ተራ አስከባሪውም ይዳኛል። የሻንጣው ግን ሰሌዳ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና በር ላይ አዲስ ክርክር ነው፣ ተከራካሪዋም ሌሊቱን ያልተኛች፣ የአገሩን ብር ከስድስት ዓመት በኋላ ገና የምትቆጥር ሴት ናት።

ላምበረት ስንገባ የሆነውን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚያ ነው። በሩን ገና ሳናልፍ ሁለት ጫኞች ሁለቱን ሻንጣዎች አነሡ። አንዱ ወደ ግራ ሄደ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። ሁለቱም «ደብረ ሲና! ደብረ ሲና!» እያሉ ነው። እኔ አንዱን ስከተል እህቴ ሌላውን ተከትላ ሮጠች። እኔ የተከተልኩት ሻንጣ ደብረ ብርሃን የሚል ታፔላ ያለው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ወጣ። የእህቴ ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ መኪና ላይ ተሰቅሎ ገመድ እየታሰረበት ነበር። ሞተሩ ተነሥቷል። እህቴ በሩ ላይ ቆማ «ዕቃዬ! ዕቃዬ!» ትላለች። ሊሞላ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነበር። ወይ እሷ ከማታውቀው ሰው ጋር ትሂድ፣ ወይ ሻንጣው ይውረድ። ሻንጣው እንዲወርድ የማውረጃ ከፈልን፤ ወደ ሌላው መኪና ለመውሰድ እንደገና ከፈልን፤ ለመጫኛም ሦስተኛ ከፈልን። የስድስት ዓመት ላብ ያለበት ዕቃ ነው፤ ለመከራከር ማን ልብ አለው?

እስቲ ይህን አስቡት። ሪያድ ላይ ያ ሻንጣ ሲረከብ እጀታው ላይ ቁጥር ያለው ወረቀት ታስሮበታል፤ የዚያው ወረቀት ቁራጭ ለእህቴ ተሰጥቷታል። ቢጠፋ የምትጠይቅበት ቢሮ፣ የምታሳየው ቁጥር አላት። አየር መንገዶች ለጠፋና ለተበላሸ ሻንጣ ተጠያቂ የሚሆኑበት ዓለም አቀፍ ስምምነትም አለ። ያ ወረቀት ሻንጣው እጀታ ላይ እንደተንጠለጠለ ላምበረት ድረስ መጥቷል፤ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከላምበረት በኋላ ግን ምንም ትርጉም የለውም። ከዚያ ወዲያ ሻንጣውን የሚጠብቀው የባለቤቱ ዓይን ብቻ ነው። መኪናው ሰንዳፋ ላይ ለፍተሻ ሲቆም እህቴ ወርዳ ጣሪያውን አየች። አለልቱ ላይ ሰው ሲወርድ ዳግመኛ ወርዳ አየች። ሸኖ ላይ ሦስተኛ።

ከሸኖ በኋላ ዝናቡ ጀመረ። የነሐሴ የሸኖና የጫጫ ዝናብ እንዴት እንደሚወርድ ለእናንተ አልነግርም። ጣሪያው ላይ የተጣለው ሸራ መሐሉ ተቀድዷል። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ሻንጣዎቹ ከጣሪያ ወደ መሬት ሲወረወሩ አንዱ እግሩ፣ ማለቴ ጎማው፣ ተሰብሮ ኩሬ ውስጥ ቀረ። ቤት ገብተን ስንከፍተው ተምሩ ውኃ ጠጥቷል፣ ለእናታችን የመጣው የደም ግፊት መለኪያ ማያው ውስጥ ውኃ ገብቶበት አይሠራም። እናታችን ባትሪውን አውጥታ በነጠላዋ ጠረገችውና ምድጃው አጠገብ ለሦስት ቀን አስቀመጠችው። አልተነሣም። እናታችን ግፊት ያለባት ሰው ናት፤ ለመለካት ጤና ጣቢያ ወረፋ መያዝ ነበረባት፤ ያ መሣሪያ ወረፋውን ሊያስቀርላት ነበር።

ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ያለው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ ሌላ መኪና፣ ሌላ ጫኝ፣ ሌላ ሒሳብ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በደሴ መኪና መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ መሐል መንገድ ለሚወርድ ሰው ሙሉ ሒሳብ ይጠየቃል፣ ባለ ሻንጣ ከሆነ ደግሞ አይፈለግም፤ ሻንጣውን ለማውረድ መቆም አለበትና። በዚህ ምክንያት ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ ያለውን የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ ጉሙን ሰንጥቀን ቁልቁል የወረድነው ከላምበረት ወዲህ በሁለተኛው መኪና ነው። ከቦሌ ጀምሮ ታክሲውንና ሚኒባሱን ከቆጠርን በአራተኛው።

እህቴ አንድ ሰው ናት፤ ደብዳቤው ግን ለእሷ ብቻ አይደለም። ከይፋት፣ ከቀወት፣ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከተጉለት የዓረብ አገር ልጅ የሌለው ቤት ስንት ነው? የሚመለሱትም ሁሉ ወንድም ተቀባይ ያላቸው አይደሉም። የአገር ውስጥ ሲም ካርድ የሌላት፣ በስልክ ታክሲ መጥራት የማትችል፣ ብር ያልመነዘረች ልጅ ብቻዋን ስትወጣ ምን እንደሚገጥማት እናንተም ትገምታላችሁ። ሄያጆችም አሉ። አውሮፕላን ማረፊያ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት አለባቸው፤ ስለዚህ ከእኛ አገር የሚነሣ ሰው ፈርቶ ከአንድ ቀን በፊት ይሄዳል፣ ለማደሪያ ይከፍላል። ታምሞ ውጭ አገር ታክሞ የሚመለስም አለ። ለገናና ለጥምቀት ከሩቅ አገር የሚመጣውም ዘመድ፣ ገንዘቡ ቢኖረውም፣ መንገዱን ሲያስብ አዲስ አበባ ሆቴል ይዞ ዘመዱን ወደዚያ የሚያስጠራው ብዙ ነው። እናት ግን ልጇን ቤቷ ማየት ትፈልጋለች።

የቦሌ የመንገደኞች ሕንፃ በ2011 ዓ.ም. ሰፍቶ ተመርቆ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ ማስተናገድ እንዲችል ተደርጓል። ኮርቻለሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ። ይህን ያህል ሰው በሥርዓት የሚያወርድና የሚያሳፍር አገር በአንድ ጎን የቆመ አንድ አውቶቡስ ማሰማራት አይሳነውም። በሥራው የሚሳተፉት ማኅበራትና ድርጅቶች አሉ፤ መኪናው አለ፤ ስምሪቱን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት አለ። የጎደለው ሁለቱን ከተሞችና አውሮፕላን ማረፊያውን የሚመለከታቸው ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው ነው። የቦሌ ሰው መንገደኛው ከበሩ ሲወጣ ሥራው አለቀ፤ የላምበረት ሰው ሥራው የሚጀምረው መናኸሪያው በር ላይ ነው፤ የደብረ ብርሃን ሰው ደግሞ ከተማው ሲገባ ያገኘዋል። በመካከል ያለው ሰው የማን ነው?

አያዋጣም ትሉኝ ይሆናል። እንግዲህ እንዲህ ይጀመር፦ አንዱ አውቶቡስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከቦሌ ይነሣ፤ ሌሊት ያረፈውን ሁሉ ይሰብስብ። ሌላው ከሰዓት በኋላ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ማታ የሚበረውን ያድርስ። ዋጋው ከሚኒባሱ ከፍ ቢል ሰው በደስታ ይከፍላል። እኛ በዚያ ሌሊት በየደረጃው የከፈልነውን ደምሬ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ለአንድ ቀጥታ አውቶቡስ ብንከፍል ሳንከራከር እንከፍል ነበር። ሦስት ወር ተሞክሮ ሰው ካልተሳፈረበት ይቅር።

አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ነገ ጠዋት ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ። መናኸሪያው ላይ ከሰው ታሪፍ አጠገብ የሻንጣ ታሪፍና የጫኝ ዋጋ ይለጠፍ። ጫኞቹ ቁጥር ያለው ሰደርያ ይልበሱ፤ ይህ እነሱንም ያስከብራቸዋል፣ በሐቅ የሚሠሩት ከማይሠሩት ይለያሉ። ጣሪያ ላይ ለሚጫን ዕቃ ሁሉ ሁለት ቦታ የሚቀደድ ቁጥር ያለው ወረቀት ይሰጥ፤ አንዱ ሻንጣው ላይ፣ አንዱ በባለቤቱ እጅ። ወረቀትና ማኅተም ነው፤ ሌላ ወጪ የለውም። ሸራው ያልተቀደደ መሆኑም በስምሪት ጊዜ ይታይ፤ ጎማ የሚያይ ዓይን ሸራም ማየት ይችላል። ለሌሊቱ ደግሞ ወይ ቦሌ ወይ ላምበረት፣ ጥበቃ ያለው፣ ወንበርና ሽንት ቤት ያለው አንድ ማረፊያ ክፍል ይከፈት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ካሁኑ ካላነሣሁት የሚዘገይ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ መታቀዱን ሁላችንም ሰምተናል። ለአረርቲና ለምንጃር ሸንኮራ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው፤ ለእነሱ ቢሾፍቱ ከቦሌ ይቀርባል። ለደብረ ብርሃን፣ ለደብረ ሲና፣ ለመሐል ሜዳና ለአጣዬ ሰው ግን መንገዱ ይረዝማል፤ ከአቡሴራ ወጥቶ አዲስ አበባን አቋርጦ ነው ወደ ሰሜን የሚወጣው። ለመርሐ ቤቴ ሰው ደግሞ መንገዱ ፈጽሞ በሌላ በኩል ነው። ሰሜን ሸዋ አንድ ስም ቢኖራትም አንድ መንገድ ብቻ የላትም። አሁን ቦሌን ከደብረ ብርሃን ያላገናኘን፣ ያኔ ይባስ እንዳንርቅ እፈራለሁ። በዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ንድፍ ላይ የክፍለ ሀገር አውቶቡስ መቆሚያ ከመጀመሪያው ይሣልልን፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ቦታ ፍለጋ እንዳይሆን።

ለእናንተም ለተጓዦች ጥቂት ቃል። ስምና ስልካችሁን ከሻንጣው ውጪ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ። ፓስፖርትና መድኃኒት፣ ውኃ የማይወድ ነገር ሁሉ፣ ጣሪያ ላይ አይውጣ፤ በእጃችሁ ያዙት። እኛ የግፊት መለኪያውን እጃችን ላይ ብንይዘው ኖሮ እናታችን ዛሬ ቤቷ ትለካ ነበር። ሻንጣው ሲጫን የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር በስልካችሁ አንሡት። ሁለት ከሆናችሁ አንዳችሁ ከሻንጣው አጠገብ፣ አንዳችሁ ትኬት ቆራጩ ጋ፤ እንደ እኛ ሁለታችሁም ከሁለት ሻንጣ ኋላ አትሩጡ።

ክቡራን፣ እህቴ የእረፍት ጊዜዋ አልቆ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት በስልክ አነበብኩላት። «የመናኸሪያውን ልጅ አታስቀይመው፣ እሱም ሠርቶ አዳሪ ነው» ብላኛለች፤ ስለዚህ ቅሬታዬ በጫኞቹ ላይ እንዳልሆነ በእሷም ስም እናገራለሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለእናታችን ሌላ መለኪያ ይዛ እንደምትመጣ ቃል ገብታለች። እስከዚያ ድረስ ከዚህ ከተማ የሚነሡና የሚመለሱ ብዙ ልጆች አሉ።

መልሳችሁን በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መናኸሪያዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልን እናነበዋለን። ለውይይት ሰው ብትጠሩም እመጣለሁ፤ ቅዳሜ ትምህርት የለኝም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ሲና መምህር